ፖርት መቅዳት ለጀመራችሁ ልጆች

ልጆች፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ምግብ ቤት ውስጥ ወይን ጠጅ ስቀዳ ነው። ከሁሉም አብልጬ የምወደው የፖርቱጋሉን ፖርት ነው። እናንተ ግን ስትቀዱት አያለሁ፤ ትቸኩላላችሁ።

ፖርት ከሌላው ወይን የሚለየው አሠራሩ ነው። በሰሜን ፖርቱጋል፣ ዶውሩ በሚባለው ሸለቆ፣ የወይኑ ጭማቂ መፍላት ይጀምራል። ስኳሩ ገና ሳያልቅ 77 በመቶ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨመርበታል። እርሾው ይሞታል፣ ጣፋጩ ይቀራል። አልኮሉም 20 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። በጠጅ ያደገ ሰው ጣፋጭነቱ ያታልለዋል፤ ይህ በብርሌ የሚጠጣ አይደለም።

ሩቢ የሚባለው ቀይነቱን እንደያዘ በጊዜ ይታሸጋል። ቶኒ ግን ትንንሽ በርሜል ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። በእንጨቱ በኩል አየር እየገባ ቀለሙን ወደ መዳብ ይለውጠዋል። ጠርሙሱ ላይ 10 ወይም 20 ዓመት የሚል ብታዩ፣ እያንዳንዱ ጠብታ ያን ያህል ቆይቷል ማለት አይደለም። የተለያየ ዓመት ወይን ተቀላቅሎ የዚያን ዕድሜ ጠባይ እንዲይዝ ተደርጎ ነው።

ስትቀምሱ ጥቂት ቅዱ። ብርጭቆውን ነጭ ጨርቅ ላይ አዘንብላችሁ የወይኑን ጠርዝ ቀለም እዩት። አፍንጫችሁን ግን ወደ ውስጥ አትክተቱ፣ አልኮሉ ያቃጥላችኋል። ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አሽትቱ፤ ጥሩ ቶኒ የተቆላ አልመንድ፣ የደረቀ በለስ፣ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ስትጎነጩ መጀመሪያ ጣፋጩ ይመጣል። ቆዩ። ጉንጫችሁን በግራና በቀኝ ምራቅ የሚሞላው ኮምጣጣነት ካልተከተለ፣ የያዛችሁት ሽሮፕ ነው።

ቪንቴጅን፣ ማለትም ከአንድ ጥሩ ዓመት ወይን ብቻ ተሠርቶ ጠርሙስ ውስጥ የሚያረጀውን ፖርት በተመለከተ አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ለዓመታት ተጋድሞ የቆየ ጠርሙስ ከጓዳ አንስቼ በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ ቀዳሁ። አተላው ተነሣ። እንግዳው አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ብርጭቆውን ዝም ብለው ወደ ጎን ገፉት። ፊታቸው ዛሬም አይጠፋኝም። እናንተ ግን ከአንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን አቁሙት። አንገቱ ሥር መብራት አድርጋችሁ ወደ ማንቆርቆሪያ በቀስታ ገልብጡ፣ አተላው አንገቱ ላይ ሲደርስ አቁሙ።

ከምግብ ጋር ስታቀርቡት ምግቡ ከወይኑ በላይ እንዳይጣፍጥ ተጠንቀቁ፤ ከበለጠ ወይኑ አፍ ላይ ይኮመጥጣል። ሩቢ ከጥቁር ቸኮሌት ጋር ይሄዳል። ቪንቴጅ ስቲልተን ከሚባለው የእንግሊዝ ሰማያዊ ቺዝ ጋር ነው፤ የቺዙ ጨውና የወይኑ ስኳር ሲገናኙ አፍ ውስጥ የሚሆነውን መቅመስ እንጂ መናገር ይከብዳል። ነጩን ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነቱ አነስ ያለውን ፖርት በበረዶና በቶኒክ ውኃ፣ ከጨው አልመንድ ጋር ከምግብ በፊት አቅርቡ። ቶኒን ደግሞ እባካችሁ ቀዝቀዝ አድርጉት። በሞቀ ክፍል ሙቀት ሲቀርብ አልኮሉ ብቻ ነው የሚጮኸው።

ቪንቴጅ ከተከፈተ በአንድ ሁለት ቀን መጠጣት አለበት። ቶኒ ግን ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ በራሳችሁ ገንዘብ ስትገዙ ከ10 ዓመቱ ቶኒ ጀምሩ። ከሥራ መልስ ሁለት ጣት ያህል ቅዱና ያሸተታችሁትን በራሳችሁ ቃል ደብተር ላይ ጻፉ፤ እናታችሁ ጓዳ የምታውቁት ሽታ ከሆነም እሱኑ ጻፉት።