ኬሚስትሪውን አትተዪው

በኤድንብራ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነሽ። ሂልና አዳምሰን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ያነሷቸውን፣ በከተማሽ ዳርቻ ያለችውን የኒውሄቨን መንደር ዓሣ አጥማጆችና ዓሣ ሻጭ ሴቶች ፎቶግራፎች ካየሽ ወዲህ፣ ትምህርትሽን አቋርጠሽ የሥነ ጥበብ ታሪክን «ሀ» ብለሽ ለመጀመር እንዳሰብሽ፣ አባትሽ ግን «ፎቶ እንጀራ አይሆንም፤ ጨርሰሽ ፋርማሲ ግቢ» እንዳሉሽ ጽፈሻል።

ፍቅርሽ ይገባኛል፤ ሂልን ከያኒ፣ አዳምሰንን ረዳቱ አድርገሽ መቁጠርሽ ግን አላስደሰተኝም። ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂል ሠዓሊ ነበር። ካሎታይፕ የተባለውን የወረቀት ኔጋቲቭ ብርሃን በሚለውጠው የብር ጨው የሚያዘጋጀውና የሚያጥበው ሮበርት አዳምሰን ነው። መሐንዲስ ለመሆን ጤናው ያልፈቀደለት ይህ ወጣት፣ ሙያውን ከሐኪም ወንድሙ ተምሮ በ1843 በካልተን ኮረብታ ስቱዲዮ ከፈተ። በ1848 መጀመሪያ፣ ገና በ26 ዓመቱ ሲሞት፣ ሂል የሠዓሊ ዓይኑ ሳይጎድል ያን የሚመስል ሥራ ዳግመኛ አልሠራም። ዕድሜውን በጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥብ ላሳለፈ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥዕሎቹን እንደገና ተመልከቻቸው። ኤልሳቤጥ ጆንስቶን ሆል ባለ መስመር ቀሚሷን ለብሳ፣ ቅርጫቷን ይዛ ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራለች፤ ሌሎቹ ሴቶች እርስ በርስ፣ ወንዶቹም ጀልባቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወረቀቱ በደማቅ ፀሐይ እንኳ አንዳንዴ ከደቂቃ በላይ ብርሃን ይፈልግ ስለነበር፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ይደበዝዛል። አንቺን የማረከሽ እርጋታና መደጋገፍ ከሠዓሊው ዓይን ብቻ ሳይሆን ከብር ጨው ዝግመትም የመጣ ነው። ዛሬም እነዚያ ኅትመቶች በውስጣቸው በቀረ ሃይፖ (ምስሉን ለማጽናት በሚያገለግለው ኬሚካል)፣ በእርጥበትና በብርሃን ስለሚደበዝዙ፣ ለሕዝብ የሚታዩት በ50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ደብዛዛ ብርሃን፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ነው። እነርሱን ለማቆየት ከታሪክ ጸሐፊ ይልቅ የሚያስፈልገው ኬሚስትሪ የሚያውቅ የወረቀትና የፎቶግራፍ ጥገና ባለሙያ ነው፤ በዘርፉ ከሚሰጡ የማስተርስ ትምህርቶች ብዙዎቹም የኬሚስትሪ መሠረት ይጠይቃሉ።

ስለዚህ አባትሽ «ጨርሺ» ማለታቸው ልክ ነው፤ ፋርማሲን መምረጥ ግን የእርሳቸው ድርሻ አይደለም። በጥገና ሙያ ደመወዙ ከፋርማሲ ያነሰ፣ ቅጥሩም ጥቂትና ብዙ ጊዜ የኮንትራት መሆኑን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ለአጎትሽ ቤት ማሠሪያ ከትምህርት ብድርሽ እየቀነስሽ የምትልኪውን ገንዘብ ደግሞ ከዚህ ወር ጀምሮ አቁሚ፤ በብድር ገንዘብ ስጦታ አይሰጥም፤ የሚቀየም ካለ ይቀየም።

በ22 ዓመትሽ «ዘገየሁ» ማለትሽን አልፌዋለሁ። «ሐበሻ በስኮትላንድ ዓሣ አጥማጅ ምን አገባው» ለሚልሽም መልስ አታባክኚ።

የመመረቂያ ጥናትሽን ርዕስ እስካሁን ስላላስመዘገብሽ፣ እነዚያ ኅትመቶች በታተሙበት፣ በጨውና በብር ውህድ በተነከረ «የጨው ወረቀት» ላይ የብር ምስል ለምን እንደሚደበዝዝ የሚመረምር ርዕስ ለአማካሪሽ አቅርቢ። ከዚያ በፊት ግን እዚያው በከተማሽ ላለው፣ የሁለቱን ሥራዎች በብዛት ለያዘው ለስኮትላንድ ብሔራዊ ጋለሪ ጽፈሽ፣ ኅትመቶቹን በአካል ለማየትና የወረቀት ጥገና ባለሙያዎቹን ለማነጋገር ቀጠሮ ጠይቂ።