ብር እንደ ብረት አይቀጠቀጥም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንደተረዳሁት አራዳ የገዛኸውን ስብርባሪ ጌጥ አቅልጠህ ለቀለበት ስትቀጠቅጠው ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ለአንገት መስቀል ሽቦ ስትስበውም ይበጠሳል። «እንደጋለ ነው የምመታው፣ እንዳይደርቅ፣ ማለትም እንዳይጠነክር ብዬም ውኃ አልነክረውም» ብለሃል። ሁለቱም የብረት ሥራ ልማድ ነው።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የተባለው ለብረት ነው። መዳብ ያለበት ብር ቀልቶ ሳለ ከተመታ ይፈረካከሳል፤ የሚቀጠቀጠው ቀዝቅዞ ነው። ውኃውም እንደዚሁ ነው። ቢላ ቀልቶ ሲነከር ይጠነክራል፤ ብር ግን ሲነከር እንደለሰለሰ ይቀራል፣ ስለዚህ አትፍራ። ብርን የሚያጠነክረው የመዶሻው ምት ራሱ ነው። በጆሮህ ለየው፦ ለስላሳው ብር መስፍ ላይ ድም ድም ይላል፤ ሲደርቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ መዶሻውም ይነጥራል። ያኔ አንድ ምት እንኳ ሳትጨምር ተመልሶ እንዲለሰልስ እሳት አሳየው።

ቀልጦ የፈሰሰ 4 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከሆነ መጀመሪያ በሞረድ ዙሪያውን አጽዳ። ሳይሞረድ የቀረ እጥፋት ወይም ቀዳዳ ሁሉ ነገ ስንጥቅ ነው። ከዚያ 3 ሚሊ ሜትር ላይ አንዴ እሳት አሳየው፤ ከዚያ በኋላ ውፍረቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ይበቃዋል። ለሽቦ ደግሞ በሽቦ መሳቢያው ሰሌዳ በየሦስትና አራት ቀዳዳው ነው። ቀጭን ሽቦ ሳይጠቀለል በነበልባል ፊት ከዘረጋኸው አንዱ ቦታ ይቀልጣል፤ በትንሽ ክብ ጠቅልለህ ከሰል ላይ አስቀምጠውና ሰፊ፣ ለስላሳ ነበልባል አዙርበት። ሲሳብ ንጹሕ የማር ሰም ቀባው።

የሙቀቱ ልክ ከ600 እስከ 650 ዲግሪ ነው፤ በዓይን ሲታይ ደብዘዝ ያለ ቀይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በብርሃኑ ነው። በጎንደር የቀትር ፀሐይ በረንዳ ላይ የምትሠራ ከሆነ ያ ቀይ ጨርሶ አይታይህም፤ ሲታይህ ብሩ አልፏል። ጥላ ውስጥ ግባ። ቀዩ ሲጠፋ ጠብቀህ ንከር። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው 962 ዲግሪ ላይ ነው ብለህ አትዝናና፤ መዳብ ሲበዛበት 779 ላይ ከውስጥ መቅለጥ ይጀምራል።

ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ፣ እንዲህ ያለው ነው። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይደርቃል። ከሺህ 925 እጁ ብር ልታደርገው ከፈለግህ ለአንዱ ጠገራ 34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ጨምርበት።

የእሳቱ ጥቁረት እንዲለቅ በሞቀ የሎሚ ጭማቂ ዘፍዝፈው። በብረት ጉጠት አታውጣው፤ ጭማቂው ውስጥ ብረት ከገባ የሟሟው መዳብ ተመልሶ ብሩ ላይ ይለጠፍና ሮዝ ይሆናል። የእንጨት መቆንጠጫ ይበቃል።

ይህን ሁሉ አድርገህም ከተሰነጠቀ ስብርባሪውን ራሱን ጠርጥር። አሮጌ ጌጥ ብዙ ጊዜ በስታኞ ተጠግኖ ይመጣል። በውስጡ ያለው እርሳስና ቆርቆሮ አብሮ ከቀለጠ ብሩ ይሰባበራል፣ እሳት ማሳየትም አያድነውም። ከማቅለጥህ በፊት ግራጫ ለስላሳ ጥገና ያለበትን ሁሉ እየቆረጥህ አውጣ። የቀለጠውም አየር እንዳይስብ በቦራክስና በከሰል ዱቄት ሸፍነው፤ ማፍሰሻ ፎርማውን አሙቀህ ዘይት ቀባው።

አሁን እጅህ ላይ ያለውን ዘንግ ስንጥቁን ለመዝጋት ብለህ አትምታው፣ ወደ ውስጥ ይገባል። እስከ ሥሩ ሞርደህ አውጣውና ቀጥል። ለቀለበቱ ርዝመት የውስጡን ስፋት ከውፍረቱ ጋር ደምረህ በ3.14 አባዛ፤ 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.5 ውፍረት ካለው 61 ሚሊ ሜትር ይወጣሃል፤ ለሞረድ ትንሽ ተርፎ ይቆረጥ።

የተሰበረውን ፊት በቅርብ ፎቶ አንሥተህ ለጥፈው። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ከታዩ አየር ነው፤ እንደ ስኳር የጎላ ፍሬ ከሆነ እሳቱ በዝቶበታል።