ሴኡልና ቶኪዮ፦ ለተማሪ የዕለት ኑሮው በምን ይለያያል?

እህታችን፣ ያቀረቡትን ጥያቄ በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ከደቡብ ኮሪያም ከጃፓንም የመግቢያ ደብዳቤ ደርሶዎታል፤ ትምህርቱም አበሉም ስለሚቀራረብ፣ በሴኡልና በቶኪዮ የዕለት ተዕለት ኑሮ በምን እንደሚለያይ ኖሮ ያየ ሰው እንዲነግርዎ ጠይቀዋል። እኔ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2022 በሴኡል ተምሬ፣ ከዚያ ወዲህ በቶኪዮ ስለምኖር፣ የደረሰብኝንና ያየሁትን ልጽፍልዎ ወደድሁ።

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው ባቡሩን፣ ንጽሕናውንና የሌሊቱን ሰላም ነው። በእነዚህ ነገሮች ሁለቱ ከተሞች ለእኔ እኩል ናቸው። ልዩነቱ ጎልቶ የታየኝ ቤት ስከራይ፣ ስሜን ሳስመዘግብና ስሳሳት ነው።

ከቤት ልጀምር፤ ከሁሉ የከበደኝ እርሱ ነበርና። በኮሪያ «ጆንሴ» የሚባለው የቤት አከራየት ወርኃዊ ኪራይ የለውም፤ ተከራዩ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ዋጋ ከግማሽ በላይ የሚሆን ገንዘብ በመያዣነት ለባለቤቱ ይሰጥና ውሉ ሲያልቅ ይመለስለታል። ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ግን «ዎልሴ» ወደሚባለው ነው፤ ይህም መያዣም ወርኃዊ ኪራይም ያለው ሲሆን፣ ለአንዲት ጠባብ ክፍል 5 ወይም 10 ሚሊዮን ዎን መያዣ መጠየቅ የተለመደ ነው። ይህን ያህል በእጁ የሌለው ተማሪ «ጎሺዎን» ውስጥ ያድራል፤ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ፣ ማብሰያው የጋራ የሆነ፣ ብዙ ጊዜም ሩዝና ኪምቺ በነፃ የሚገኝበት ክፍል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት እኔም በዚያ አሳለፍሁ፤ መስኮት ያላት ክፍል ኪራይዋ ከፍ ስለሚል ያለ መስኮት ኖርሁ።

በኋላ ገንዘብ አጠራቅሜ ዎልሴ ገባሁ። ከዚያ ስወጣ አከራዬ መያዣዬን ለመመለስ ሦስት ወር አመላለሰኝ፤ የአውሮፕላን ትኬቴን የገዛሁት ከጓደኛ ተበድሬ ነበር። የእኔ ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 የቤት ዋጋ ሲወርድ ብዙ የጆንሴ ተከራዮች፣ በተለይም ወጣቶች፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን አጥተው የአገሪቱ ምክር ቤት በ2023 ተጎጂዎቹን የሚመለከት ልዩ ሕግ እስከማውጣት ደርሷል። ስለዚህ ሴኡልን ከመረጡ፣ ከመፈረምዎ በፊት ቤቱ በዕዳ መያዙንና አለመያዙን የሚያሳየውን የንብረት መዝገብ ይመልከቱ፤ እንደገቡም የአድራሻ ለውጥዎን ያስመዝግቡ፤ ውልዎ ላይም በሰፈሩ ጽሕፈት ቤት የቀን ማኅተም ያስመቱ። ቤቱ በሐራጅ ቢሸጥ ከእርስዎ በኋላ ከመጡ የአከራዩ አበዳሪዎች የሚያስቀድምዎ ይህ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ እርስዎ አስቀድመው ይወቁት።

በቶኪዮ የሚጠየቀው ገንዘብ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው አይመለስም። አንድ ወር መያዣ፣ ለአከራዩ «የምስጋና ገንዘብ» የሚባል ሌላ አንድ ወር፣ የደላላ ክፍያ፣ ዋስ ለሚሆንልዎ ኩባንያ፣ ለእሳት አደጋ መድን፣ ለቁልፍ መቀየሪያ እየተባለ፣ ገና ሳይገቡ የአራትና የአምስት ወር ኪራይ ያህል ሊወጣ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ደግሞ ውል ለማደስ የአንድ ወር ኪራይ መክፈል የተለመደ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ደላላው በፊቴ ለአከራዮች እየደወለ «ተከራዩ የውጭ አገር ሰው ነው» ሲል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ አራት ቤቶች ተከለከልሁ። ደላላው በትሕትና ጎንበስ እያለ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ትሕትናው ግን ቤት አልሆነልኝም። «ዩአር» የሚባለው የሕዝብ አከራይ ድርጅት ዋስም የምስጋና ገንዘብም የማደሻ ክፍያም አይጠይቅም፤ ሆኖም የገቢ ወይም የቁጠባ ማስረጃ ስለሚፈልግ ለአዲስ ተማሪ አይመችም።

የቤቱ ነገር በክረምት ደግሞ ይገለበጣል። ሴኡል በጥር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ግን ወለሉ ከሥር ስለሚሞቅ ቤት ገብተው ጫማዎን ሲያወልቁ እግርዎ ይፈታል። ቶኪዮ እንደዚያ አይበርድም፤ ቤቱ ግን ይበርዳል። አንድ ክፍል በአየር ማሞቂያ ሞቆ መተላለፊያውና መታጠቢያ ቤቱ እንደ ውጭው ይቀዘቅዛል። እናቴ የላከችልኝን ጋቢ በሴኡል ከሻንጣ አላወጣሁትም፤ በቶኪዮ ያለ እርሱ አላጠናም።

አሁን ወደ ስም ልለፍ፤ ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ጣጣ አለው። የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን፣ በፓስፖርቱ ላይ የአባት ወይም የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል። በጃፓን የነዋሪነት ካርድዎን እንደ ናሪታና ሃኔዳ ባሉ ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች በገቡበት ዕለት ይሰጡዎታል፤ ቤት ከያዙ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ አድራሻዎን በወረዳው ጽሕፈት ቤት ያስመዘግባሉ። ከዚያ በኋላ ስምዎ ካታካና በሚባለው ፊደል መጻፍ ይጀምራል፤ ወረዳው በአንድ መልክ፣ ባንኩ በሌላ መልክ ይጽፈዋል። የመጀመሪያ አበሌ በዚህ ምክንያት ተመልሶ ሄዶ ነበር። አንድ አጻጻፍ መርጠው በወረቀት ይያዙና በሄዱበት ሁሉ እርሱኑ ያስገልብጡ።

በኮሪያ ግን ካርዱን በ90 ቀን ውስጥ ራስዎ ያመለክቱና እስኪወጣ ሳምንታት ይጠብቃሉ። እስከዚያ በስምዎ የተመዘገበ የስልክ መስመር ለማውጣት ይቸገራሉ፤ ያለዚያ መስመር ደግሞ የባንክ መተግበሪያውም፣ የመስመር ላይ ግዢውም፣ ምግብ ማዘዣውም አይከፈትም። የስሞቹ ቅደም ተከተል በስልክ ኩባንያውና በካርዱ ላይ ከተለያየ ማረጋገጫው አይቀበልዎትም። መንገዱ ሁሉ ከተከፈተ በኋላ ግን ሴኡልን የሚያህል የለም፤ በእኩለ ሌሊት ያዘዙት ዕቃ ጎሕ ሳይቀድ በርዎ ላይ ይገኛል።

ስሳሳት ያየሁት ልዩነት ደግሞ ሁለቱን ሕዝቦች ያስተማረኝ ነው። በሴኡል ቆሻሻ የሚጣለው ከሱቅ በሚገዛ የወረዳው ፌስታል ነው፤ ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ይሠራል፤ የምግብ ትርፍራፊም ለብቻው ይለያል። እኔ ቀላቅዬ ባወጣሁ ጊዜ ከታች ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት በሬን አንኳኩተው አስወጡኝና፣ ፌስታሉን ፈትተው የዶሮ አጥንት ከምግብ ትርፍራፊ ጋር እንደማይጣል በእጃቸው እየለዩ አሳዩኝ፤ ተቆጥተውኝም ነበር። በማግስቱ ግን ኪምቺ በሣህን አመጡልኝ፤ ዕድሜዬን፣ ማግባት አለማግባቴን፣ የእናቴን ጤንነት ጠየቁኝ። በቶኪዮ ስሳሳት ፌስታሌ ምክንያቱ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት እዚያው ቀረ። ማንም አልተናገረኝም፣ ማንም አላየኝም። ጎረቤቴን ለሁለት ዓመት ሰላምታ ብቻ ስሰጠው ስሙን ሳላውቅ ተለያየን። አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን ዝምታ ንቀት ይሉታል፤ እኔ አይመስለኝም። ሌላውን ላለማሳፈር የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ብቻውን ለሚመጣ ሰው ዝምታው ይከብዳል፤ የሴኡሏ እናት ቁጣ ለእኔ ዘመድ ነበር።

ስለ መጓጓዣ አጭር ነገር ልበል። በሴኡል እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አውቶቡስና ምድር ባቡር በአንድ ሒሳብ ስለተያያዙ፣ በአንድ ካርድ እየቀያየሩ መሄድ ይቻላል፤ በ62,000 ዎን ለ30 ቀን የሚያገለግል ካርድም አለ። በቶኪዮ ባቡሮቹ የተለያዩ ኩባንያዎች ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀይሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ቤት ሲፈልጉ ትምህርት ቤትዎ ባለበት መሥመር ላይ ይፈልጉ።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ የኮሪያ ፊደል 24 መሠረታዊ ሆሄያት ብቻ ስላሉት በሁለት ሳምንት ሰሌዳ ማንበብ ጀመርሁ፤ ተናባቢውና አናባቢው በአንድ ቅርጽ መጣመሩ በሀ ሁ ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። በጃፓን እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ሆሄ ያላቸው ሁለት ፊደላትና፣ ለዕለት ንባብ የተመደቡ 2,136 የቻይና ሆሄያት አሉ። ከወረዳው የሚመጣልኝን ደብዳቤ ዛሬም በስልክ ካሜራ እያስተረጎምሁ ነው የማነበው።

ጾም የሚጾሙ ከሆነ በሁለቱም አገር ይጠንቀቁ፤ ኪምቺ ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ጨው አለበት፤ የጃፓን ሾርባም መሠረቱ በአብዛኛው የደረቀ ዓሣ ነው። ምስርና ሽምብራ በሴኡል ኢቴዎን ባለው መስጊድ አካባቢ፣ በቶኪዮ ደግሞ በሺን ኦኩቦ ከሚገኙ የደቡብ እስያ ሱቆች ያገኛሉ። በርበሬና ሽሮ ግን ከቤት ይዘው ይምጡ። የአገር ሰው ሲናፍቅዎ በቶኪዮ ካትሱሺካ ወረዳ ዮጹጊ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከሴኡል ደግሞ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ቹንቾን ይደርሳሉ፤ እዚያ በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ መታሰቢያ አለ። አያቴ ዘማች ባይሆኑም ያን ሐውልት ባየሁ ቀን አልቅሻለሁ።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ለብቻዎ ለሚመጡ ሴኡልን እመርጥልዎታለሁ። ይሁንና መልስዎን ከመላክዎ በፊት ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ይጻፉና የመጀመሪያውን ስድስት ወር የሚያድሩበት የተማሪ ማደሪያ በጽሑፍ ያረጋግጡልዎት እንደሆነ ይጠይቁ። አንዱ ብቻ ካረጋገጠልዎት፣ ቶኪዮም ቢሆን፣ ወደዚያው ይሂዱ።