ከአስፋልት ወርጄ የት ልሩጥ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። በሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው። ጠዋት ጠዋት ዘንባባ በተተከለበት አስፋልት ላይ እሮጣለሁ። ግን ጉልበቴን ማመም ጀምሮኛል፣ መንገዱም ሰልችቶኛል። አዲስ አበባ እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ነበር የምሮጠው። እዚህ ግን የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ባሕር ዳር ሜዳ ነው» ይለኛል። ዛፍና ዳገት ያለው መሮጫ የለም ማለት ነው? ሴት ስለሆንኩ ብቻዬን መሄዱም ያሳስበኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ እውነት ነው። ዙሪያዋ ግን ሜዳ አይደለም። አባይን ስትሻገሪ ቤዛዊት አለ፣ በጣና ሐይቅ በኩል ደግሞ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት አለ።

ከቦታው በፊት ግን ጉልበትሽ። ካበጠ፣ ወይም ደረጃ ስትወርጂ የሚጠዘጥዝሽ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ብዙ ሰው ዳገት ጉልበት ይጎዳል ብሎ ይፈራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ግን መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው፤ ስትወርጂ በየእርምጃው የሰውነትሽን ክብደት ይዞ የሚያቆመው የጭንሽ ጡንቻና ጉልበትሽ ነውና። ስለዚህ የመጀመሪያውን አንድ ወር ዳገቱን እየሮጥሽ ውጪ፣ ቁልቁለቱን እየተራመድሽ ውረጂ። ሰው ምን ይለኛል አትበይ።

ጅማሬሽ ቤዛዊት ይሁን። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አባይን ስትሻገሪ በስተቀኝ በኩል ያለው ኮረብታ ነው። አናቱ ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ። ግቢው መሮጫ አይደለም፣ አጥሩ ጋ ሳትደርሺ ተመለሺ። ከላይ ሆነሽ አባይ ከጣና ወጥቶ በዛፎቹ መሃል ሲሄድ ታያለሽ፤ እኔ ስንት ጊዜ ወጥቼ እስካሁን ሳልቆም አልፌው አላውቅም። አንድ ጥንቃቄ አለ። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ወደ ወንዙ ዳር አትውረጂ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣና ጠዋት ወደ ውኃው ይመለሳል፣ በእሱና በውኃው መሃል የገባን ሰው ደግሞ አይምርም።

እንጦጦ የለመደ ሰው እዚህ ሲመጣ አንድ ስህተት ይሠራል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ባሕር ዳር ግን 1,800 ገደማ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ይቀልሻል፣ ጎበዝ የሆንሽ ይመስልሻል፣ ትፈጥኛለሽ። ከዚያ ሙቀቱ ይጥልሻል። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ካልጀመርሽ ሁለት ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ አያስሮጥም። ኪሎ ሜትር መቁጠሩንም ለጊዜው ተይው። ጫካና ዳገት ላይ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። በ40 ደቂቃ ጀምሪ። አብራሽ ከምትሮጠው ልጅ ጋር ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል።

አትሌቶቻችን ባሕር ዛፍ ውስጥ ተከታትለው ዚግዛግ ሲሮጡ እንጦጦ ላይ ሳታይ አልቀረሽም። ለጨዋታ አይደለም። ዳገቱን ፊት ለፊት ከመጋፈጥ አግድም ሲቆርጡት ይለዝባል፣ መሬቱ ለስላሳ ነው፣ እግርም ሥርና ድንጋይ እየመረጠ ይነቃል። አንቺም ዳገቱ ሲብስብሽ እንደዚያ አድርጊ። እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ዓይንሽን ከጫማሽ ላይ አንሺና ሦስት አራት ሜትር ወደፊት ጣይው።

አሁን ዘጌ። እውነቱን ለመናገር ይሄን ሁሉ የጻፍኩት እዚህ ለመድረስ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ በመኪናም ይገባል። ዘጌ የቡና ጫካ ነው። ቡናው ጥላ ሥር ነው፣ ከላይ ትልልቅ ዛፎች ሸፍነውታል፤ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እንኳ ብዙ ቦታ ፀሐይ አያገኝሽም። በቡናው መሃል የሚሄደው የእግር መንገድ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ድንጋያማ ነው። ከፍ ማለት ከፈለግሽ አራራት የሚባለው ጫፍ አለልሽ። ጦጣ ከላይ ይንጫጫል፣ ወፉ ብዙ ነው።

ይህ ጫካ እንዲሁ የተረፈ አይደለም። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብት ማርባት ነውር ነው። ሥርዓቱ የዘጌን ገዳም ከመሠረቱት ከጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ነው ይላሉ። ሰዉ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እየኖረ ዛፉን ለዘመናት ጠበቀው። ስለዚህ የምትሮጪው ሰው ጓሮ ውስጥ መሆኑን አትርሺ። የተሰጣ ቡና ካየሽ ዞረሽ እለፊ። ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ አታድርጊ፤ ሸክም የያዘች እናት ስትመጣ ቆመሽ መንገድ ልቀቂላት፣ «እንደምን አደሩ» በያት። እነ አዝዋ ማርያም፣ እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ስትደርሺ ሩጫው ይቁም። ነጠላ በቦርሳሽ ያዢ። አጭር ቁምጣ ለብሶ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እያለከለኩ ማለፍ አያምርም፣ ሰዉም በዝምታ ያዝንብሻል። እንዲህ ካደረግሽ ግን በሁለተኛው ሳምንት «አይዞሽ፣ በርቺ!» የሚሉሽ ራሳቸው ናቸው።

ብቻዬን ልሂድ ወይ ላልሽው፣ አትሂጂ። አንቺን ለማስፈራራት አይደለም፣ እኔም ብቻዬን አልሄድም፤ ቁርጭምጭሚት ለመታጠፍ አንዲት ሥር ትበቃዋለች፣ ጫካ ውስጥ ደግሞ ስልክ ሁልጊዜ አይሠራም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ የሰፈሩን ልጅ ከፍላችሁ መንገድ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ከከተማ ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ የዚያን ዕለት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቂ። የጀልባና የባጃጅ ሹፌሮች ቀድመው ይሰማሉ። ዛሬ ይቅርብሽ ካሉሽ ይቅርብሽ። ውሻ ከመጣብሽ ሩጫሽን አቁሚ፣ ድንጋይ እንደምታነሺ ጎንበስ በይ፤ አብዛኛው ይመለሳል።

ክረምት ላይ ቀይ አፈሩ ያንሸራትታል፣ ዋልካው ደግሞ ጫማሽ ላይ ተጣብቆ እግርሽን ብረት ያደርገዋል። ሐምሌና ነሐሴን ኮረኮንች ላይ አሳልፊው። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ መሬቱ ጠጠር ሲል፣ ያኔ ወደ ጫካው ተመለሺ።

ጥያቄ፦ ሮጬ ስጨርስ እግሬን ጣና ውስጥ ነክሬ ትንሽ እቀመጣለሁ፣ በጣም ደስ ይለኛል። ጓደኛዬ ግን ተው ይለኛል። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው፣ ስማው። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለበት። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃው ውስጥ ይዋኛል፣ ቁስል ባይኖርህም በቆዳህ ይገባል። በተለይ ሣር የበዛበትና የረጋው ዳር፣ አንተ የምትቀመጥበት ማለት ነው። ሲገባ አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ የሚመጣው ቆይቶ ነው። እስካሁን ስትነክር ከነበርክ ጤና ጣቢያ ሄደህ የሰገራ ምርመራ አድርግ። ግን በማግስቱ አይደለም፤ እንቁላሉ ሰገራ ላይ እስኪታይ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ከተገኘብህ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ይሰጥሃል፣ ይድናል። ሐይቁን ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነህ እየው። እግርህን ቤት ገብተህ በሳፋ ቀዝቃዛ ውኃ ንከረው።