ሲፒኤ የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከውጭ ማስላክ ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከጎንደር አዘዞ ነው። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ የሚጥል በሽታ አለበትና ማታ ማታ ፌኖባርቢታል ይወስዳል። ድሮ በሳምንት ሁለቴ ይጥለው ነበር አሁን በወር አንዴ ቢሆን ነው፣ ግን ክላስ ውስጥ ያንቀላፋል ደብተሩ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ይገኛል። ጓደኛው ሲፒኤ ስለሚባል አዴኖሲን ላይ የሚሰራ ነገር ኢንተርኔት ላይ አይቶ ነገረን፣ ፒያሳ ያሉ ፋርማሲዎች አናውቀውም አሉን። ማስላክ እንችላለን ወይ? ቡናስ ይከልከል? እናታችን አቦል ቶና በረካ ሳትል አትለቀውም።

መልስ፦ እህቴ፣ አታስልኩ። ፋርማሲዎቹ ያላወቁት ሲፒኤ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ስላልሆነ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ አይጥ ላይ ምርምር የሚሰራበት ኬሚካል ነው።

በአዴኖሲን በኩል በሽታውን የመግታት ሀሳቡ ግን እውነት ደስ የሚል ነው። አዴኖሲን የሚባለውን ኬሚካል ሰውነታችን ራሱ ነው የሚሰራው። ሰው ሲጥለው የአንጎል ሴሎች ያለ ልክ ይሰራሉ፣ ጉልበታቸው ኤቲፒ ይቃጠላል፣ ከሱ ስብርባሪ አዴኖሲን ይጠራቀምና ሴሎች ላይ ያለ ኤ1 የሚባል መልእክት ተቀባይ ላይ ተቀምጦ ሴሎቹን የሚያነሳሳውን ግሉታሜት ያስቀንሳል። ወንድምሽን ጥሎት ከደቂቃ ሁለት ደቂቃ በኋላ ማንም ሳይነካው የሚለቀው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። በ1992 እንደ ፈረንጆቹ፣ አንጎላቸው ውስጥ መመርመሪያ የገባላቸው ታማሚዎች ላይ ሲለካ በሚጥላቸው ሰዓት አዴኖሲኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ሲፒኤ አዴኖሲንን መስሎ እዛው ኤ1 ላይ የሚቀመጥ ነው፣ ቶሎም አይጠፋም፣ አይጦች ላይ መንቀጥቀጡን አስቁሟል። ችግሩ ይሄ ኤ1 ልብም ላይ አለ። የልብ ሐኪሞች እኮ አዴኖሲንን ራሱን በደም ስር የሚሰጡት ከልክ በላይ የሚሮጥ ልብን ለመግታት ነው፣ እሱ ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠፋ ነው የሚደፈረው። ሲፒኤ ግን ይቆያል፣ ልብ ያዘገያል፣ የደም ግፊት ይጥላል፣ ሙቀት ይቀንሳል፣ ያስተኛል። ተመራማሪዎች አሁን አዴኖሲኑን አንጎል ውስጥ ብቻ ከፍ የሚያደርግ መንገድ ነው የሚፈልጉት። ወንድምሽ በፖስታ በመጣ ዱቄት እንዲሞከርበት አልፈልግም።

ማንቀላፋቱን በተመለከተ፣ ፌኖባርቢታል ያደርገዋል፣ መታገስ ግን የለበትም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂና ክላስ ውስጥ እንደሚተኛ በግልጽ ንገሪያቸው፣ መጠኑን ማስተካከል ወይ ቀስ እያሉ ወደ ካርባማዜፒን ወይ ሌላ መቀየር ይቻል እንደሆነ እነሱ ያያሉ። ብቻ በራሳችሁ እንዳታቆሙት አደራ! ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ሳያቋርጥ ሊጥለው ይችላል፣ ያ ደግሞ ይገድላል።

ቡናው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ይዞ ስለሚያግደው ነው እንቅልፍ የሚያባርረው። ለአስም የሚሰጠው አሚኖፊሊንም እንዲሁ ነው፣ ሲበዛ ሰው ያንቀጠቅጣል፣ ስለዚህ አስም ካለበት ለሐኪሙ ተናገሩ። አቦሉን ከናቱ ጋር ይጠጣ፣ ከናት ቡና ለይቼ አላስቀምጠውም። አመሻሽ ላይ የሚፈላውና ለፈተና ብሎ እስከ ሌሊት የሚያመሽበት ግን ይቅርበት፣ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ይጥላል። የጣለው ቀን ስንት ስኒ ጠጥቶ ስንት ሰዓት እንደተኛ ጻፊና ለቀጠሮው ይዛችሁ ሂዱ።