ልጄን ከትምህርት ቤት ላስቀረው ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ሲያጥር እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ትኖራላችሁ፤ ልጅሽ 8 ዓመቱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ያለቅሳል፤ ማታ ደግሞ የቤት ሥራው አያልቅም። ስለዚህ ቤት ላስተምረው ብለሽ አስበሻል። የፈራሽው ጓደኛ እንዳያጣ፣ ሰው ምን እንደሚል እና የፈተናውን ነገር ነው። ባልሽም አልተዋጠለትም።

ከኔ በፊት ከመለሱልሽ ግማሹ "አይዞሽ ጀምሪ"፣ ግማሹ "ምን ነካሽ" ብለውሻል። እኔ የኛን ቤት ልንገርሽና አንቺው መዝኚው።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደሚያለቅስ እወቂ። ሰሌዳው አይታየው ይሆናል። የሚመታው ልጅ ይኖር ይሆናል። መምህሩ ይጮህበት ይሆናል። መነጽር የሚፈታውን ነገር ኑሮ በመቀየር ለመፍታት አትድከሚ።

እኛ መርጠን አልገባንበትም። መንዝ በኩል እያለን በጸጥታው ምክንያት የልጆቹ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ስንል ወራት ሄዱ። ልጆቹን ይዤ ቁጭ ያልኩት ያኔ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ስንመጣ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ልጆቹ ግን ለምደውት ወደውት ስለነበር ቀጠልን። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ መኪናዬ ቤት ነው፣ እኔም ቤት ነኝ። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ቀን ቤት የሚውል አዋቂ ከሌለ ልጁን ለሠራተኛና ለቴሌቪዥን ነው የምትተዪው። ሁለታችሁም ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ ትምህርት ቤት ብትቀይሪለት ይሻላል።

ቤት ማስተማር ሲባል ብዙ ሰው ሳሎኑ ክፍል፣ እናትየዋ መምህርት የሚሆኑ ይመስለዋል። ጥቁር ሰሌዳ ይገዛል፣ ሰዓት በሰዓት ፕሮግራም ይለጠፋል፣ የሚቀረው ደወል ብቻ ነው። ልጁ ከዚያ ሸሽቶ አይደል እንዴ የመጣው! እኔ እንዳየሁት የዚህ ትምህርት ግማሹ ያለው ከቤት ውጭ፣ ጎረቤት ዘንድ ነው። ልጅሽን ሥራቸው አጠገብ የሚያስጠጉ ሰዎች ካገኘሽ ይሆናል። ካላገኘሽ እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጥጣችሁ ትውላላችሁ።

አንዱን ላሳይሽ። በራችን አጠገብ ሱቅ አለ። ባለሱቁ ጋሼ ዓይናቸው ደክሟል፤ ትንሹ ልጄ የዱቤ ደብተራቸውን ያነብላቸዋል። በየገጹ አናት ላይ ስም አለ። ስሟን ያላወቋት ደግሞ "ባለ ቀይ ሹራቧ" ተብላ ተመዝግባለች። ከሥር ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት ከነዋጋው ተደርድሯል። ሰው ከፊሉን ሊከፍል ሲመጣ ልጁ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ቀሪውን ጽፎ ጮክ ብሎ ያነባል። ከተሳሳተ ባለዕዳው እዚያው አንገቱን አስግጎ "ኧረ ልጄ፣ ሳሙናውን ሁለቴ ቆጠርከው" ይለዋል። ገንዘቡ የራሱ ስለሆነ አያልፈውም። የጽሕፈቱም ነገር እንዲሁ ነው። እኔ ቁጥሩን አስተካክለህ ጻፍ ስለው የማይሰማኝ ልጅ፣ 1 እና 7 ተመሳስለውበት ሰው ከተጣላበት በኋላ 7ን አሳምሮ መጻፍ ጀመረ።

ጋሼ ግን አስተማሪ ነኝ ብለው አያውቁም። አስተምሩልኝ ብላቸው ኖሮ እምቢ ይሉኝ ነበር። "ቅር ካላለዎት ይርዳዎት" ነው ያልኳቸው።

ንባብ ያስጀመሩት ደግሞ የኔታ ናቸው፣ ገና መንዝ እያለን። የአብነት ትምህርት ቤት ቁጭ ብለሽ ካየሽ፣ ፈረንጆቹ እንደ አዲስ ነገር የሚያወሩለት ብዙው እዚያ አለ። የክፍል ደረጃ የለም። ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ይሄዳል። አንዱ ሀ ሁ ላይ ነው፣ አጠገቡ ያለው መልእክተ ዮሐንስ ይዟል፣ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። ትልቁ ትንሹን ያስቆጥራል። ልጄ ሀሁን በዜማ ሸመደደና "ጨረስኩ" ብሎ መጣ። የኔታ ዝም ብለው ፊደል የሚጠቁሙበትን ስንደዶ ይዘው አቡጊዳ ላይ አስቀመጡት። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ሲሄድ ፊደሉም ድምፁም አብሮ ይቀያየራል፤ በዜማ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። የኔውም ተጋለጠ። ፊደሉን በዓይኑ መለየት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም ቁርአን ቤት እንዲሁ እያንዳንዳቸው በደረሱበት ነው የሚያነቡት።

ነገሩን ግን አላሳምረውም። የኔታ አለንጋ አላቸው፤ ልጁም ወዶ ሳይሆን ታዞ ነው የሚቀመጠው። አንተ የፈለግከውን ተማር የሚባል ነገር እዚያ የለም። ያ አንስኩሊንግ የሚሉት ነው። ስሙን ያወጣው ጆን ሆልት የሚባል አሜሪካዊ መምህር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ። ልጁ ምንና መቼ እንደሚማር ራሱ ይምራ፣ ወላጅ መንገዱን ይክፈት ነው ሐሳቡ። ሆምስኩሊንግ (ቤት ማስተማር) ከሚያደርጉት ብዙዎቹ ደግሞ መጽሐፍ ይዘው፣ ሰዓት መድበው ያስተምራሉ። ሁለቱን እየቀላቀልሽ ካነበብሽ ምክሩ እርስ በርሱ ይጋጭብሻል። ስለ ሕጉም ከውጭ ያነበብሽውን ተዪው። አሜሪካ በ50ውም ግዛት ይፈቀዳል፣ ጀርመን ክልክል ነው፤ የኛን የሚነግርሽ የከተማሽ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። እኛ መሀል ላይ ነን። ጠዋት ሒሳብና እንግሊዝኛ ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑ የልጁ ነው።

እንግሊዝኛውን ቸል እንዳትዪ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጎረቤት የማያስተምረው እሱን ነው። ደግሞ ዩቲዩብ አለ ብለሽ አትዘናጊ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በስልክ ሲያስተምሩ የነበሩ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። መብራቱንም ታውቂዋለሽ። የመማሪያ መጽሐፎቹን ከቴሌግራም አውርደሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሚያቸውና ቤት ይኑሩ።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ለዘመድ ጉዳይ ሸዋ ሮቢት ወርደን ነበር። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንጠመዘዝ ልጆቹ ጃኬት አወለቁ። ከዚያ ሹራብ። ሸዋ ሮቢት በካናቴራ ገቡ። ገብሱ ቀርቶ ማሽላና ማሾ መጣ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ስል የከረምኩት አንድ አውቶቡስ ውስጥ አለቀ። ትንሹ "ላይኛው አገር ለፀሐይ ይቀርብ የለ? ለምን እሱ አይሞቅም?" አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ገባበት። አንዱ ነፋሱ ነው አለ፣ አንዷ እናት "የመድኃኔ ዓለም ሥራ ነው" አሉ። ቤት ስንገባ የታላቅየዋ መጽሐፍ ላይ ፈለግነው። ፀሐይ ቀድማ የምታሞቀው መሬቱን ነው፤ ከፍ ሲባል አየሩ እየሳሳ ይቀዘቅዛል፣ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ናቸው። ቁጭ ብሎ አሰላውና 9 ዲግሪ አመጣ። ሹራቡን ያስወለቀው 9 ዲግሪ መሆኑ በጣም ነበር የገረመው።

ጓደኛ ያጣል ወይ ላልሽው ብዙም አትጨነቂ። አንቺ ሰፈር ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ግማሹ ልጅ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ሰፈር ነው። ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ኳስ፣ በገና ሰሞን የገና ጨዋታ፤ ሰው አይጠፋም። የሚቸግረው ግቢው ተዘግቶ ብቻውን ለሚያድግ ልጅ ነው። እሱ ትምህርት ቤት ቢሄድም ከሰዓት በኋላ ብቻውን ነው።

ሰው ምን ይላል? ይላል እንጂ! "ታሞ ነው?" ይሉሻል፣ "ክፍያው ከብዷችሁ ነው?" ይሉሻል። ይሄ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ግን አንዱን ሐሜት ከልቤ እሰማዋለሁ። ታላቅየዋ ሴት ናት፤ ቤት በዋለችበት ጊዜ አንዲት ጎረቤቴ መጥታ "ልጅቷን ለሥራ ነው ያስቀረሻት?" ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። አልተቀየምኳትም። እዚህ አገር ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረች ማለት ውኃ ልትቀዳ፣ ታናናሾቿን ልታዝል፣ ሲከፋም ልትዳር ነው። ሕጉ 18 ዓመት ቢልም የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ጎረቤትም ቀበሌም ሲጠይቅሽ አትቆጪ፤ ደብተሩን አውጥተሽ አሳዪ። ያንቺ ወንድ ስለሆነ ይቀልልሻል። የሴት ልጅ እናቶች ግን ይሄን ካነበባችሁ፣ ማታ ላይ ልጅቷ ስንት ሰዓት አነበበች፣ ስንት ሰዓት ምጣድ ላይ ቆመች ብላችሁ ቁጠሩ። ወንድሟ ሲጫወት እሷ ሽሮ የምታማስል ከሆነ፣ ያቺ ጎረቤቴ ትክክል ናት።

ልጄ ራሷ ናት 7ኛ ክፍል ልግባ ያለችው። እሺ አልን። ትምህርት ቤቱ ፈትኖ ተቀበላት። ሒሳቧ ጥሩ ነበር። ያስቸገራት በሰዓት ተገድቦ መጻፍና ምርጫ ጥያቄ ነው፤ ቤት ማንም A፣ B፣ C እያለ ጠይቋት አያውቅም። አሁን 8ኛ ናት፣ ክልላዊውን እንደማንኛውም ተማሪ ትፈተናለች። ትንሹ ግን ለጊዜው ቤት ነኝ ብሏል።

የፈተናው ነገር ከወረቀቱ ይጀምራል። ልጅሽ የደረሰበትን ክፍል የሚያሳይ ካርድና መልቀቂያ ከሌለው መመለሻው ይጠብበታል። እንዲሁ ጠፍቶ ከቀረ "አቋራጭ" ነው የሚባለው። ርዕሰ መምህሩን ቀርበሽ አነጋግሪ፤ ልንመልሰው ብንፈልግ በምን ትቀበሉታላችሁ በያቸው። አንዳንዱ በር ይዘጋብሻል። ለኛም አንዱ ዘግቶብን ሌላው ነው የተቀበለን። መመሪያም ይለዋወጣል፣ በየዓመቱ ጠይቂ።

አንዳንዶች የ12ኛን ውጤት እየጠቀሱ "ትምህርት ቤት ምን ፈየደ?" ይሉሻል። እውነት ነው፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ግን እሱ ቤት ማስተማር ይሻላል ማለት አይደለም። ያንን ፈተና ቤት የተማረውም ይቀመጥበታል።

ከጀመርሽ መጀመሪያ ላይ ምንም አታስተምሪው። ፈረንጆቹ ትምህርት ቤት ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ወር እረፍት ስጡት ይላሉ። ለኛ ኪስና ለጎረቤት ምላስ ረጅም ነው፤ ሐሳቡ ግን ልክ ነው። ደብተር ሲያይ የሚያለቅስ ልጅ መጀመሪያ ይረሳው።

ባልሽን በክርክር አታሸንፊውም። የኔው አባወራ ዝም ያለው ልጁ የሱቁን ሒሳብ ሲሠራ ቆሞ ካየ በኋላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቱ እንደሆነ ዝግ ነው። ክረምቱን ሞክሩት፤ ልጁን ከአንድ ሁለት ጎረቤት አስጠጊ፣ ትንሽ ካረፈ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሒሳብና እንግሊዝኛ ያዢው። ምዝገባ ሳይደርስ ሦስታችሁም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ሦስታችሁም ያልኩት ልጁም እንዲጠየቅ ነው። እስከዚያው ግን ሰኔ ላይ ካርዱን ሳትቀበዪ እንዳትቀሪ።