መልስ፦ ለሁለት ሰው የብየዳ ቤት ፈቃዱ በማን ስም ይውጣ?

ወንድሜ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከጓደኛህ ጋር ለምትከፍቱት የበርና መስኮት ብየዳ ቤት ፈቃዱ በአንዳችሁ ስም ይውጣ ወይስ ማኅበር ይሁን ብለሃል። በአንዳችሁ ስም አታውጡት። በሕግ ፊት ነጋዴው ስሙ የተመዘገበው ብቻ ነው፤ ዕዳው መኖሪያ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል፣ ሌላው ደግሞ ያስገባውን ገንዘብ ማስረዳት ያቅተዋል። የኅብረት ሽርክና የሚባለው ማኅበርም አንዱ ለፈረመው ሌላውን በግል ንብረቱ ያስጠይቀዋል።

ለእናንተ የሚሻለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ ለማኅበሩ ዕዳ የምትጠየቁት ባዋጣችሁት ልክ ብቻ ነው። በ2013 በወጣው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። የብየዳ ማሽኑን በዓይነት መዋጮ፣ ማለትም በጥሬ ገንዘብ ፈንታ፣ ማስገባት ይቻላል፤ ዋጋውን ግን አታጋንኑት፣ በኋላ ያስጠይቃል።

አደራ የምለው ስለ ድርሻው ነው። ሃምሳ ሃምሳ ከተካፈላችሁ በተጣላችሁ ቀን ውሳኔ የሚያሳልፍ አይኖርም፤ ሥራው ቆሞ ኪራይ ብቻ ይቆጥራል። ወይ 51 ለ49 አድርጉት፣ ወይ አንዱ ሲወጣ ድርሻው በምን ስሌት እንደሚገመትና ማን እንደሚገዛው መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ አስፍሩ። የተዘጋጀውን ቅጽ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ማኅበሩ ከመጀመሪያዋ ብር ትርፍ ጀምሮ 30 በመቶ ግብር ይከፍላል፣ የሂሳብ መዝገብም ግዴታው ነው፤ ስለዚህ የሂሳብ ሠራተኛ ወጪ ያዙ። ባንክ ለብድር የግል ዋስትና ካስፈረማችሁ ደግሞ ለዚያ ዕዳ የማኅበሩ ከለላ አይሠራም።

ቤቱን ከመከራየታችሁ በፊት ቦታው በአዲስ አበባ ነው በሸገር ከተማ የሚተዳደረው? አጣሩ፤ የምትመዘገቡበት ቢሮ ይለያያል።